ኤንፒሲ ማለት እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነበር

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚኒባስ እየሄድኩ ነው። ከኋላዬ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ልጅ ለረዳቱ ሃምሳ ብር ሰጥቶ መልስ እየጠበቀ ነው። ረዳቱ «ሰጥቼሃለሁ» አለ። «አልሰጠኸኝም»፣ «ሰጥቼሃለሁ» ተባባሉ። በመጨረሻ ሁለተኛው ልጅ ጓደኛውን ጎተት አድርጎ «ተወው ባክህ፣ ኤንፒሲ ነው» አለውና ሁለቱም ሳቁ።

ረዳቱ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ሲጣራ ውሎ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው። በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ጎንበስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ምን ብሎ ነው የሰደበኝ?» አለኝ።

አውቅ ነበር። ግን «እኔም አልሰማሁትም» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። በልጆች አፍ ኤንፒሲ ማለት የራሱ ሐሳብ የሌለው፣ የተሰጠውን ብቻ የሚደጋግም፣ ለሌላው ሰው ታሪክ ማሟያ የቆመ ፍጡር ማለት ነው። ቃሉ ሲወለድ ግን ትርጉሙ ይህ አልነበረም። እንዲያውም ተቃራኒው ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ የዚህን ቃልና የወንድሞቹን የኤችፒን፣ የኤክስፒን፣ የሌቭልን ታሪክ ላጫውታችሁ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ያዙ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እኔ ጌም አልጫወትም፣ አይመለከተኝም» የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2024 እዚሁ ቴሌግራም ላይ ሃምስተሩን ሌሊቱን ሙሉ ስንነካ «ሌቭል ስንት ደረስክ?» ስንባባል አልነበር? ያንን ቃል ከየት አመጣነው?

▪️ ጠረጴዛው

ነገሩ የጀመረው ስክሪን በሌለበት ነው። አምስት ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪም ዳኛም ነው። «ዋሻው አፍ ላይ ደርሳችኋል፤ ከውስጥ የጭስ ሽታ ይመጣል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይዘዋል፤ አንዷ ጦረኛ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ጠንቋይ። የሚያደርጉትን በአፋቸው ይናገራሉ። ውጤቱ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ተረት ተረት ሲባል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ዝም ማለቱን ትቶ፣ ራሱ ተረቱ ውስጥ ገብቶ ከጅቡ ጋር የሚደራደርበት ጨዋታ ነው ብላችሁ አስቡት።

ሥሩ ጦር ሰፈር ነው። በ1824 የፕሩሲያ መኮንን የነበረው ታናሹ ፎን ራይስቪትዝ አባቱ የጀመረውን የጦር ጨዋታ አሻሽሎ ደንቡን አሳተመ። ካርታ አለ፣ ዳይስ አለ፣ ሁለት ተፋላሚ ወገን አለ፣ በመሃል አንድ ዳኛ አለ። ተጫዋቹ ትእዛዙን ለዳኛው ይሰጣል፤ ዳኛው የሆነውን ይነግረዋል። ዛሬ «ዲኤም» ወይም «ጂኤም» የሚባለው የጨዋታው መሪ ቅድመ አያት ይህ መኮንን ነው።

ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1969 በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የጦር ጨዋታ አፍቃሪ አዲስ ነገር ሞከረ። ብራውንስታይን የምትባል ምናባዊ የፕሩሲያ ከተማ ፈጠረና ጦር ከመምራት ይልቅ ለጓደኞቹ የሰው ሚና ሰጣቸው። አንዱ ከንቲባ፣ አንዱ የባንክ ባለቤት፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆነ። ጨዋታው ከእጁ ወጣ። ሰዎቹ ውጊያውን ትተው እርስ በእርስ ሲዶልቱ፣ ሁለቱም ደንቡ ላይ ያልተጻፈ የሽጉጥ ፍልሚያ ሲጠይቁ አመሹ። ዌስሊ «ከሸፈብኝ» ብሎ አዘነ። ጓደኞቹ ግን «መቼ ነው የምንደግመው?» እያሉ አስቸገሩት።

ከእነዚያ ጓደኞቹ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው። እሱ ሐሳቡን ወስዶ አስማትና ጭራቅ ያለበት ብላክሙር የተባለ ዓለም ፈጠረ። በጎረቤት ክፍለ ሀገር በዊስኮንሰን፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከኢንሹራንስ ሥራው ተሰናብቶ ቤቱ ውስጥ ጫማ እየጠገነ የሚኖር ጌሪ ጋይጋክስ የሚባል ሰው ነበር። ሁለቱ ተጻጻፉ፣ ተገናኙ፣ በ1974 መጀመሪያ ላይ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ታተመ። ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሣጥን፣ ዋጋው 10 ዶላር፣ የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ።

ልብ በሉ፤ ሽፋኑ ላይ «የሚና ጨዋታ» የሚል ቃል የለም። ራሱን የገለጸው በወረቀት፣ በእርሳስና በአሻንጉሊት ወታደር የሚጫወቱት የጦር ጨዋታ ደንብ ብሎ ነው። ዛሬ ዓለም «አርፒጂ» የሚለው ነገር ሲወለድ ስም አልነበረውም። ስሙን ያወጡለት ተጫዋቾቹ ናቸው።

▪️ ከመርከብ ላይ የተወሰደ ነፍስ

ኤችፒን እንውሰድ። አንድ ገጸ ባሕርይ እስኪሞት ድረስ ስንት ምት መቋቋም እንደሚችል የሚነግር ቁጥር ነው። አርነሰን በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች እንደሚያስታውሰው፣ ሐሳቡን ያመጣው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለነበሩ ብረት ለበስ መርከቦች ካዘጋጀው የባሕር ውጊያ ደንብ ነው። መርከብ በአንድ ጥይት አትሰምጥም፤ ቀስ በቀስ ነው የምትጎዳው። ሰው ግን በጦር ጨዋታ ደንብ አንድ ዳይስ ተጥሎ ወዲያው ይሞት ነበር።

ችግሩ ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያቸውን መውደዳቸው ነው። ስም አወጡለት፤ ታሪክ ሰጡት። ከዚያ በአንድ ዳይስ ሲሞትባቸው ከፋቸው። ስለዚህ የመርከቧ ቁጥር ወደ ሰው ተሸጋገረ። «የጥሩር ደረጃ»፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤሲ፣ አብሮ መጣ። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ የዚህ ሁሉ ሒሳብ መነሻ ርኅራኄ መሆኑ ነው። ሰው ለወደደው ነገር ሁለተኛ ዕድል ስለፈለገ ኤችፒ ተፈጠረ።

ሌቭልም የራሱ ጉድ አለው። ቃሉ መጀመሪያ የምድር ቤቱን ፎቅ ያመለክታል፤ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ እያለ ወደታች። በዚያው ቃል የተጫዋቹ ጥንካሬ፣ የአስማቱ ክብደት፣ የጭራቁ አስፈሪነትም ተጠራ። አንድ ቃል ለአራት ነገር! ጋይጋክስ በ1978 ባሳተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ይህን አምኖ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል ለመስጠት አስቦ እንደነበር ይናገራል። ነገር ግን ሰዉ ለምዶት ስለነበር ተወው። ደራሲው እንኳ ቃሉን ከሕዝቡ አፍ ማስመለስ አልቻለም። እኛም ዛሬ ሃምስተር ላይ፣ ቋንቋ መማሪያ አፕ ላይ፣ «ሌቭሌ ጨመረ» የምንለው ከዚያ ፎቅ ወርደን ነው።

▪️ ምሕጻረ ቃል የፖስታ ልጅ ነው

አንድ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጡ ሰዎች ምሕጻረ ቃል ብዙም አያስፈልግም። በአፍ ለመናገር ምን ያሳጥራል? ምሕጻረ ቃል የሚመጣው ሰው ሲራራቅና መጻፍ ሲጀምር ነው።

በ1975 ሊ ጎልድ የምትባል የሎስ አንጀለስ ሴት «አላረምስ ኤንድ ኤክስከርዥንስ» የተባለ መጽሔት ጀመረች። አሠራሩ ደስ ይላል። በየከተማው ያሉ ተጫዋቾች የየራሳቸውን ጥቂት ገጽ ይጽፋሉ፤ ይልኩላታል፤ እሷ የሁሉንም አንድ ላይ ጠርዛ መልሳ ለሁሉም ትልካለች። በሚቀጥለው ወር እያንዳንዱ የሌሎቹን አንብቦ መልስ ይጽፋል። በቴሌግራም ግሩፕ የምናደርገውን እነሱ በወረቀትና በቴምብር አደረጉት። መልስ ለመስጠት አንድ ወር መጠበቅ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ወረቀትና ቴምብር ገንዘብ ነው። ስለዚህ ማሳጠር ግድ ሆነ። የጨዋታው መሪ «ዲኤም»፣ የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ «ፒሲ»፣ መሪው የሚያጫውታቸው ሌሎቹ ሰዎች ሁሉ «ኤንፒሲ» እየተባሉ ተጻፉ። የዳይስ አጻጻፍም እንዲሁ ነው። በ1977 በወጣው የጭራቆች መጽሐፍ የአንድ ጭራቅ ምት «2–8» ተብሎ ይጻፋል። የትኛውን ዳይስ ስንቴ ልጣል? መገመት አለብህ፤ ባለ አራት ገጽ ዳይስ ሁለቴ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ግን በመጽሔቶቻቸው «2ዲ4» ብለው ይጽፉ ጀመር። መጀመሪያ ስንቴ፣ ከዚያ ዲ፣ ከዚያ የዳይሱ ገጽ ብዛት። ከአታሚው ይልቅ የተጫዋቹ አጻጻፍ ስለሚበልጥ በመጨረሻ እሱ አሸነፈ። ዛሬ መጻሕፍቱ ራሳቸው የሚጽፉት በዚህ ነው።

እንዲህ ባሉት የፖስታ ማኅበራት አንድ የምወደው ምሕጻረ ቃል ነበር፤ ትርጉሙ «አንብቤዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ፣ ግን የምጨምረው የለኝም» ነው። አንድ ሙሉ ጨዋነት በስድስት ፊደል! ዛሬ ላይክ የምንለው እሱን ነው።

▪️ አጥር

ግን ቃል ድልድይ ብቻ አይደለም፤ አጥርም ይሆናል።

በጣም የታወቀው አጥር «ታኮ» ይባላል። የጫማ ታኮ አይደለም። «የጥሩር ደረጃው ዜሮ የሆነን ለመምታት የሚያስፈልግ ቁጥር» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ሲያጥር ነው። በዚያ ዘመን ጥሩ ጥሩር ማለት ዝቅተኛ ቁጥር ነበር። የአንተ ታኮ 17 ከሆነና የጠላትህ ጥሩር 3 ከሆነ፣ 3ን ከ17 ትቀንሳለህ፤ ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ 14 ወይም ከዚያ በላይ ካልወጣ ሳትከው ማለት ነው። ጥሩሩ ከዜሮ በታች ከሆነስ? እንግዲህ ኔጌቲቭ ቁጥር መቀነስ ታውቃለህ አታውቅም ነው ጥያቄው። ታኮ በ1989ኙ ሁለተኛ እትም ዋና ደንብ ሆነ፤ በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ተሰረዘና ቀላል መደመር ተተካ። የድሮዎቹ ግን እስከዛሬ አንድ ሰው የእውነት ነባር መሆኑን ሊፈትኑ ሲፈልጉ ታኮን ይጠይቁታል። የሞተ ሒሳብ የመታወቂያ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ለነባሮቹም ስም አላቸው፤ «ግሮኛር»። ፈረንሳይኛ ነው፤ የሚያጉረመርም ማለት ነው። የናፖሊዮን አሮጌ ዘብ ወታደሮች የሚጠሩበት ቅጽል ነበር። ስጦታ ለሚያበዛ የጨዋታ መሪ ደግሞ በአንድ የቴሌቪዥን ሽልማት አቅራቢ ስም የተሠራ ማሾፊያ አላቸው። ተጫዋቾቹ በሙሉ ሲያልቁ «ቲፒኬ» ይላሉ፤ ድርጅቱ በሙሉ አለቀ እንደማለት። ደንቡ እንደተጻፈው ይሁን የሚለው ወገን ቃሉን «ራው»፣ ደንቡ እንደታሰበው ይሁን የሚለው «ራይ» ይለዋል። የፊደልና የመንፈስ ክርክር፣ ፍርድ ቤትም ቤተ ክህነትም የሚያውቀው ክርክር፣ እዚያም በሦስት ሦስት ፊደል ቀጥሏል።

ይህ የእነሱ ብቻ አይደለም። የእኛ አዝማሪዎችና ነጋዴዎች እንግዳው እንዳይሰማቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ ቮልፍ ሌስላው በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። ልዩነቱ ሐሳቡ ላይ ነው። የአዝማሪው ቃል የተሠራው ለመደበቅ ነው። የተጫዋቾቹ ቃል የተሠራው ለማሳጠር ነበር፤ መደበቂያ የሆነው ሳይታሰብ ነው። አዲስ ገቢ ግን የሚገጥመው ያው ግድግዳ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ተጫዋች የሚፈልግ ሰው «ኤልኤፍጂ፣ 5ኢ፣ ቪቲቲ» ብሎ ይጽፋል። ሲተረጎም «የምጫወትበት ቡድን እፈልጋለሁ፤ አምስተኛው እትም ይሁን፤ በኢንተርኔት ሰሌዳ ላይ ነው የምጫወተው» ነው። ሰው የሚፈልግ ሰው፣ ሰው በማይገባው ቋንቋ ይጣራል።

▪️ የተፈሩ ቃላት

በ1980ዎቹ በአሜሪካ ቃላቱ አስፈሩ። መጽሐፎቹ ውስጥ የአጋንንት ስም ስላለ ብዙ ወላጆችና ሰባኪዎች ጨዋታው ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይወስዳል አሉ። ልጇ ራሱን ያጠፋባት አንዲት እናት በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋመች፤ የማኅበሩ ምሕጻረ ቃል ሲነበብ «ባድ» ነው፣ መጥፎ። በ1985 ጉዳዩ «ሲክስቲ ሚኒትስ» ላይ ቀረበ። የእናትን ሐዘን ማንም አይቀልድበትም። ጨዋታው የእነዚያ ሞቶች ምክንያት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልተገኘም።

አሳታሚው ምን አደረገ? ቃሉን ቀየረ። ከሁለተኛው እትም ላይ «ዲያብሎስ» እና «ጋኔን» የሚሉት ስሞች ተነሱ። በኋላ ፍጡራኑ «ባቴዙ» እና «ታናሪ» ተብለው ተመለሱ፤ ቀንዱም ክንፉም እሳቱም እንዳለ። በ2000 የድሮ ስማቸው ተመለሰላቸው። ስም ሲቀየር ቁጣው ሊበርድ ይችላል፤ ነገሩ ግን አይቀየርም። የሚሥሪያ ቤት ስም በየአምስት ዓመቱ ሲቀየር የምናይ ሰዎች ይህ አይጠፋንም።

▪️ ማሽኑ ሲገባ

አሁን ወደ ረዳቱ ልመልሳችሁ ነው።

ጨዋታው በታተመ በዓመቱ፣ በ1975፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባለው ፕሌቶ የተባለ የኮምፒውተር መረብ ላይ ተማሪዎች ጨዋታውን ወደ ማሽን መገልበጥ ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ የአንዱ ስም «ፔዲት5» ነው። ስሙ ደረቅ ነው፤ የጨዋታ ስም አይመስልም። በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች «መድ» የተባለውን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበትን ዓለም ሠሩ። በ1981 «ዊዛርድሪ» እና «አልቲማ» ለቤት ኮምፒውተር ወጡ። ጃፓኖች ከእነሱ ተማሩና በ1986 «ድራጎን ክዌስት»ን ሠሩ። ሌቭል፣ ኤችፒ፣ ኤክስፒ የሚሉት ቃላት በዚህ መንገድ ዓለምን ዞሩ፤ እኛም ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ድረስ ደረሱ።

በጉዞው ላይ ግን አንድ ነገር ጠፋ። ዳኛው።

ጠረጴዛው ላይ ኤንፒሲን የሚያናግረው ሰው ነው። የእንግዳ ማረፊያዋን ባለቤት «ልጅሽ የት ሄደ?» ብለህ ብትጠይቃት፣ ደንቡ ላይ ልጅ ባይኖራትም፣ መሪው አስቦ ይመልስልሃል። ማሽኑ ግን በዚያ ዘመን አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ መያዝ ይችል ነበር። ስለዚህ የመንደሩ ሰው መቶ ጊዜ ብታናግረው መቶ ጊዜ ያንኑ ይልሃል። የኤንፒሲ ደደብነት የማሽኑ ማኅደር ጥበት እንጂ የኤንፒሲ ጠባይ አልነበረም። የጠባቡ ማሽን ጉድለት ግን የቃሉ ትርጉም ሆኖ ቀረ። በ2018 በኢንተርኔት ላይ ስሜት የሌለው ግራጫ ፊት ተሥሎ «ከእኔ ጋር የማይስማማ ሁሉ ይህ ነው» ማለት ተጀመረ። የፖለቲካ ስድብ ሆነ። ከዚያ በቲክቶክ አድርጎ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

▪️ የ1974ቱ ደንብ

አሁን የመጀመሪያውን ሣጥን ልክፈተው። ከሦስቱ ቀጫጭን መጻሕፍት በአንዱ፣ ተጫዋቹ ኤንፒሲን ለሥራ ሊቀጥር ሲፈልግ የሚሠራበት ሰንጠረዥ አለ። ደመወዙን ታቀርባለህ። ከዚያ ሁለት ዳይስ ይጣላል። 2 ከወጣ ሰውየው ሊመታህ ይነሳል። ከ3 እስከ 5 ከሆነ ይቆጣል። ከ6 እስከ 8 ከሆነ ያመነታል። ከ9 እስከ 11 ይቀበልሃል። 12 ከሆነ በደስታ ይከተልሃል። ከተቀጠረም በኋላ የታማኝነት ቁጥር አለው፤ ታማኝነቱ የሚወሰነው በአንተ ጠባይና በምትከፍለው ነው። ካጎደልክበት ሊተውህ ይችላል።

አያችሁት? ኤንፒሲ በተወለደበት ገጽ ላይ እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነው። እንዲያውም የጨዋታው ጀግና ዕጣ በእሱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የድሮ የጨዋታ መሪዎች ለጀማሪ ከሚሰጧቸው ምክሮች የተለመደው «ለእያንዳንዱ ኤንፒሲ ስምና የሚፈልገው አንድ ነገር ስጠው» የሚለው ነው። በጠረጴዛው ላይ ከሁሉ በላይ የሚታሰብላቸው እነሱ ናቸው።

ልጆቹን ልኮንን አይደለም። እኔም በእነሱ ዕድሜ ሰው «ፋራ» ብዬ ስቄአለሁ። ግን ሰውን ኤንፒሲ ስንል ስለ እሱ ምንም እንዳልተናገርን ልብ እንበል። የተናገርነው ስለ ራሳችን ነው። «ታሪኩ የእኔ ነው፤ አንተ ግድግዳ ነህ» ነው ያልነው። ሰውን ግድግዳ አድርጎ ማየት የት እንደሚያደርስ በዚህ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

አራት ኪሎ ስንደርስ ረዳቱ ኪሱን ሲፈትሽ ቆይቶ ብር አወጣና ወደ ኋላ ዘወር ብሎ «እንካ፣ ልክ ነህ፣ አልሰጠሁህም ነበር» አለው ለልጁ። ልጁ ተቀበለና ዝም አለ። ሳቁ አልነበረም።

እኔም ወረድኩ። «ምን ብሎ ነው የሰደበኝ?» የሚለውን ጥያቄ ሳልመልስ ነው የወረድኩት። በዚያ መስመር ስመላለስ ፊቱን እየፈለግኩ ነው። ካገኘሁት ቃሉን እነግረዋለሁ፤ የዛሬውን ትርጉም ብቻ ሳይሆን የ1974ቱንም።

እናንተስ? ሰፈራችሁ ውስጥ በየቀኑ የምታልፉት፣ ስሙን የማታውቁት ሰው ማን ነው? ነገ ስሙን ጠይቁትና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ሰላም ዋሉ።